ረጅም አፈሙዝ ጥይት ያቀናል? (ለቀድሞ ተማሪዎቼ ያለብኝ እርማት)

ጽሑፏ ረዘም ትላለች፤ ቡና ቀርቦላችሁ ከሆነ እሰየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ክረምት የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲካሄድ አንድ ቱርካዊ ሰውዬ ስልካችሁን ሁሉ ሞልቶት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዩሱፍ ዲኬች። አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ፣ ቲሸርት ለብሶ፣ ልክ ሱቅ ሄዶ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ሰው ቆሞ ሲተኩስ የሚታይበት ፎቶ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ከ11ኛ ክፍል ልጆች አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የዚያ ሰውዬ ሽጉጥ ለምንድን ነው እንደዚያ የረዘመው?» አለኝ። እኔም ምንም ሳላመነታ «አፈሙዝ በረዘመ ቁጥር ጥይቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው» ብዬ መለስኩ። ልጆቹ ጻፉ። ደወል ተደወለ።

ይሄን መልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠሁት በዚያ ቀን ቢሆን ኖሮ አሁን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ስለ አድዋ ሳስተምር፣ ስለ ጦር መሣሪያው ስናወራ፣ በየዓመቱ ያው ነገር ከአፌ ይወጣል። እንግዲህ የዚያ ልጅ ታላቅ ወንድም የእኔው ተማሪ የነበረ፣ አሁን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ነው። ለበዓል ቤት ሲመጣ የታናሹን ደብተር አይቶ «ቲቸር ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ትክክል አይመስለኝም። አፈሙዙ አይደለም፣ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ነው» ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ትንሽ ከነከነኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ ልክ ነው። የእኔም መልስ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ የተለቀመ አልነበረም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተጠቅልለው ነው ያሳሳቱኝ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። በዚህ ጊዜ ስለ ሽጉጥ መጻፍ እንደሚያስከፋ አውቃለሁ። ድምፁን ሰምተን የጠገብን ሰዎች ነን። እዚህ የማወራው ስለ ስፖርቱ ነው፤ ካርቶን ላይ ስለተሳለ ክብ። ዓመተ ምሕረቶቹም ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስህተቴ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከአያቴ ነው። አያቴ ውጅግራ የያዘ ሰው አይተው ያደጉ ናቸው፤ ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» የሚሉት ጠመንጃ ነው፣ ስሙ አፋችን ላይ ተለውጦ። እሳቸው ረጅሙን ሁልጊዜ ያደንቁ ነበር፣ አጭሩን «የጌጥ» ይሉት ነበር። እሳቸውም አልተሳሳቱም። ያ ጠመንጃ የሚጠቀመው ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ጥይቱን ገፍቶ ፍጥነት ለመስጠት ረጅም ቧንቧ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ጠመንጃው ሲረዝም የኋላና የፊት ማነጣጠሪያዎቹም ይራራቃሉ። አያቴ ሁለቱን ጥቅም በአንድ ቃል «ረጅም» አሉት። እኔ ደግሞ ያንን ቃል ይዤ ሄጄ ሽጉጥ ላይ ለጠፍኩት።

አሁን ሁለቱን እንለያያቸው። «አፈሙዝ» ስል ጥይቱ የሚሮጥበትን ቧንቧ በሙሉ ማለቴ ነው፣ ጫፉን ብቻ አይደለም። ሽጉጥ አናት ላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ከኋላ፣ ወደ ዓይናችን የቀረበ ስንጥቅ ያለው ብረት፣ ከፊት ደግሞ ጫፉ ላይ የቆመ ትንሽ ጉጥ። ተኳሹ ጉጡን በስንጥቁ መካከል አድርጎ፣ ግራና ቀኙ እኩል ብርሃን እስኪያሳይ አስተካክሎ ያያል። ከስንጥቁ እስከ ጉጡ ያለውን ርዝመት ለዛሬ «የእይታ መስመር» እንበለው።

ለሙከራ የሚያስፈልጋችሁ ማስመሪያ፣ ሁለት የክብሪት እንጨትና ሲባጎ ብቻ ነው። እኔ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ሠርቼዋለሁ (ተማሪዎች አበድን ብለው ቆመው ያዩን ነበር)። ሁለቱን ክብሪቶች 10 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ማስመሪያው ላይ አቁሙ። በሁለቱ ላይ የሚያልፍ መስመር 10 ሜትር ርቆ ያለው ግድግዳ ላይ የት እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። አሁን የፊተኛውን ክብሪት 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ግፉት። ግድግዳው ላይ መስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ይሸሻል። አንድ መቶ እጥፍ! ክብሪቶቹን 30 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ያንኑ 1 ሚሊ ሜትር ብትገፉ ግን ግድግዳው ላይ የሚሸሸው 3.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የተማራችሁት የተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች ነገር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ልብ በሉ፤ እዚህ ሙከራ ውስጥ አፈሙዝ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ሁለት ክብሪት ብቻ።

ወደ ውድድሩ እናምጣው። በ25 ሜትር የትክክለኛነት ውድድር ላይ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው፣ አንድ ነጥቡ፣ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር። የእይታ መስመሩ 22 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሽጉጥ ላይ ጉጡ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ ከመሐል 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ስድስት ነጥብ ያመጣል። ኪስ ውስጥ በምትገባ፣ የእይታ መስመሯ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ አጭር ሽጉጥ ያንኑ ስህተት ብትሠሩ 25 ሳንቲ ሜትር ትስታላችሁ፤ ጥይቱ የክቡን የመጨረሻ ጠርዝ ነክቶ ያልፋል። ሰውየው ያው፣ ስህተቱም ያው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የዓለም ሻምፒዮንም ይንቀጠቀጣል። ጉጡና ስንጥቁ ሳይዛነፉ እጅ በጠቅላላው 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ጥይቱም የሚሄደው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አሥር ነጥብ ውስጥ ነው ገና! 1 ሳንቲ ሜትር የእጅ መንሸራተት ምንም አላደረገም፣ 1 ሚሊ ሜትር የማነጣጠሪያ መዛነፍ ግን አራት ነጥብ በላ። ለዚህ ነው አሠልጣኞች «ኢላማውን አትይ፣ ጉጡን እይ» የሚሉት። ዓይናችን የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ጉጥና ሩቅ ያለውን ኢላማ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ተኳሽ ኢላማው ብዥ እንዲል ይፈቅዳል፤ ጉጡን ብቻ አጥርቶ ያያል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አነጣጥሮ ተኳሽ ማለት ኢላማው ላይ ዓይኑን የሚተክል ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ፣ ወደ ራሴ ሜዳ ልመለስ።

የኢላማ ሽጉጥ አያቱ የክብር ፍልሚያ ሽጉጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሁለት የተሰዳደቡ ጨዋዎች በማለዳ ሜዳ ላይ ቆመው የሚታኮሱበት። እነዚያ ሽጉጦች በጥንድ፣ በሳጥን የሚሠሩ፣ አፈሙዛቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ23 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነበሩ። ፍልሚያው እየቀረ ሲሄድ ሽጉጦቹ አልቀሩም፤ ወደ መለማመጃ አዳራሽ ገቡ። ፓሪስ ውስጥ ጋስቲን ረኔት የሚባል ዝነኛ የሽጉጥ ሠሪና የተኩስ አዳራሽ ነበር። በ1896 እዚያ የሚሠራ ሰምነር ፔይን የሚባል አሜሪካዊ ነበረ። ወንድሙ ጆን ከቦስተን መጥቶ «አቴንስ ላይ ኦሊምፒክ የሚባል ነገር አለ፣ እንሂድ» አለው። 3,500 ጥይት ይዘው ሄዱ ይባላል፤ የተጠቀሙት 96 ብቻ ነው።

የታሪክ መምህር ነኝና ይህችን ሳልናገር አላልፍም። ወንድማማቾቹ የተኮሱት በሚያዝያ 1896 ነው። አድዋ መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው፤ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888። በመካከሉ አርባ ቀን ገደማ ነው ያለው። እዚህ ተራራ ላይ ሰው በውጅግራና በሌላውም እየተዋደቀ አገር ሲያተርፍ፣ ከአርባ ቀን በኋላ እዚያ ሰዎች ለሜዳሊያ ካርቶን ይበሱ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ግንኙነት የላቸውም፤ ግን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የፔይን ወንድማማቾች በ25 ሜትሩ የጦር ሽጉጥ ውድድር ማንም አልደረሰባቸውም። ጆን 442፣ ሰምነር 380 ነጥብ አግኝተው አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። በ30 ሜትሩ ነፃ ሽጉጥ ውድድር ደግሞ ጆን ሳይገባ ቀረና ሰምነር ወርቁን ወሰደ። አስተውሉ፤ ያኔ ስለ ርዝመት የሚጨነቅ ጠንካራ ሕግ አልነበረም። የተከለከሉት ይዘውት የመጡትን ባለ ትንሽ ጥይት ሽጉጥ ነው፤ አዘጋጆቹ «ይሄ የተለመደ ዓይነት አይደለም» ብለው መለሱባቸው። በ1906 ደግሞ እዚያው አቴንስ ላይ ኮት የለበሰ አሻንጉሊት ሰው አቁመው በፍልሚያ ሽጉጥ አንገቱ ሥር ያለች ክብ ላይ ያስተኩሱ ነበር። ስፖርቱ ገና ከአያቱ ቤት አልወጣም።

ስለ ሰውና ስለ መሣሪያ ካነሳን ግን ካሮይ ታካችን መዝለል ኃጢአት ነው። ሃንጋሪያዊ ወታደር ነው። በ1936 ለበርሊን ኦሊምፒክ ብቁ ነበር፤ ሳጅን ስለሆነ፣ መኮንን ስላልሆነ አልሄድክም ተባለ። በ1938 በልምምድ ላይ ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ ቀኝ እጁን፣ የሚተኩስበትን እጅ፣ አበላሸው። ሆስፒታል ወር ገደማ ተኝቶ ወጣና ማንም ሳያውቅ በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በ1939 ውድድር ሜዳ ላይ ብቅ ሲል የድሮ ጓደኞቹ ሊያበረታታቸው የመጣ መሰላቸው። እሱ ግን ሊወዳደር ነበር የመጣው፤ አሸነፋቸው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሁለት ኦሊምፒክ ቀረ። በ1948 ለንደን ላይ፣ 38 ዓመት ሆኖት፣ በ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ 580 ነጥብ አምጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው። (ታካችን ሳነብ የኛው አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። ከመኪናው አደጋ በኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ሲሉት በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ላይ ቀስት ወርውሯል። ይሄን ስነግራቸው ተማሪዎች ሁልጊዜ ይገረማሉ።)

ታካችን ያነሳሁት ለወሬ ብቻ አይደለም። የሽጉጡ ርዝመት ከ1938 በፊትም በኋላም ያው ነው። የተለወጠው እጅ ነው። እንደገና የተማረው ነገር ጉጡንና ስንጥቁን ሳያዛንፍ ቃታውን መሳብን ነው። ጣት ቃታውን በድንገት ከነጠቀው ጉጡ ይዛነፋል፣ ከዚያ ያቺ 1 ሚሊ ሜትር መጣች ማለት ነው። የርዝመት ጥቅም ያንን ስህተት መቀነስ ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም። እንዲያውም ረጅም የእይታ መስመር ሁሉንም መወዛወዝ አጉልቶ ያሳያል፤ ጀማሪ ይሄን ሲያይ ይደነግጥና «አሁን! አሁን መሐል ነው!» ብሎ ቃታውን ይነጥቃል። በአጭር ሽጉጥ የማይታየውን ስህተት ያያል፣ አይቶም ይብሳል።

ከዚያ የመሐንዲሶች ዘመን መጣ። በ1956 ሜልበርን ኦሊምፒክ ላይ ሶቪየቶች የተገለበጠ የሚመስል ሽጉጥ ይዘው ቀረቡ። አፈሙዙ ከእጅ በላይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ታች ወርዶ ከእጁ ጋር እኩል ሆኗል፤ ማነጣጠሪያው ብቻ ከላይ ቀርቷል። ምክንያቱ ርግጫው ነው። አፈሙዝ ከእጅ በላይ ሲሆን ሽጉጡ ሲተኮስ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፤ በፈጣን ተኩስ አምስት ኢላማዎችን በአራት ሰከንድ መምታት ላለበት ሰው ያቺ መነሳት ትልቅ ኪሳራ ናት። አፈሙዙ ከእጅ ጋር እኩል ሲሆን ግን ርግጫው ቀጥ ብሎ ወደ ክንድ ይገባል። የቭጌኒ ቼርካሶቭ በዚያ ዓይነት ሽጉጥ ብር ወሰደ። ወርቁን በ587 ነጥብ የወሰደው ሮማኒያዊው ሽቴፋን ፔትሬስኩ ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ አውጪዎቹ ነቁና መንገዱን ዘጉት።

ዛሬ የ25 ሜትር ሽጉጥ 30 በ15 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ዳኛው እውነተኛ ሳጥን ይዞ ይለካዋል። በዚያ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ አፈሙዝ ከ153 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የእይታ መስመር ከ220 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። ተመልከቱ፣ ሕጉ ራሱ ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚለካቸው! እኔ አንድ ያደረግኳቸውን።

አሁን የኔን መልስ የገደለው ማስረጃ ይምጣ። ሰው ሕጉ የሚፈቅድለትን ሁሉ ይጠቀማል፤ ገደብ 153 ከሆነ ሁሉም 153 ይሠራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? በ1968 ጀርመኖች ዋልተር ጂኤስፒ የሚባል ሽጉጥ አወጡ፤ ለብዙ ዓመታት የውድድር ሜዳውን ከሞሉት አንዱ ነው። የእይታ መስመሩ ሕጉ የሚፈቅደው 220 ሚሊ ሜትር ሙሉ በሙሉ ነው። አፈሙዙ ግን 107 ሚሊ ሜትር ብቻ! ከገደቡ አርባ ስድስት ሚሊ ሜትር ያነሰ። የጥይት ካዝናውን ከእጀታው አውጥተው ከቃታው ፊት አደረጉት፤ ስለዚህ አፈሙዙ የሚጀምረው ወደፊት ገፋ ብሎ ነው፣ ያጥራልም። የኋላው ስንጥቅ ደግሞ ከእጅ በላይ ወደ ኋላ ሄደ። የእይታ መስመርን አንዲት ሚሊ ሜትር አላባከኑም፣ አፈሙዙን ግን ሳይሳሱ ቆረጡት። ረጅም አፈሙዝ ራሱ ጥይት የሚያቀና ቢሆን ኖሮ ጀርመን ሞኝ ነው እንዴ?

ታዲያ የአፈሙዝ ርዝመት ምን ይሠራል? ይሠራል እንጂ። አንደኛ ፍጥነት ነው። ባሩዱ ጥይቱን የሚገፋበት ጊዜ ይረዝማል፣ ጥይቱ ይፈጥናል። ግን በ25 ሜትር ይሄ ምን ያህል ነው? አንዱ ጥይት በሰከንድ 300 ሜትር፣ ሌላው 270 ሜትር ይሂድ እንበል። የመጀመሪያው መንገድ ላይ 3.4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ሁለተኛው 4.2። ልዩነቱ 1 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ እሱም በየተኩሱ ያው ስለሆነ ማነጣጠሪያው ላይ ያለችውን ብሎን ዞር አድርጋችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ስፖርት ላይ የሚጎዳው ዝቅ ብሎ መምታት አይደለም፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ መምታት ነው። ጥይቱን የሚያቀናው ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ነው፤ ጥይቱን እንደ እንዝርት ያሾረዋል። ያ ቦይ በደንብ ከተሠራ፣ የአፈሙዙም አፍ ካልተጎዳ፣ አጭሩም ያሾረዋል። ጥሩ የኢላማ ሽጉጥ በብረት መቆንጠጫ ታስሮ ሲተኮስ ጥይቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ፣ አጭርም ይሁን ረጅም።

ሁለተኛው ሥራው ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ረጅም አፈሙዝ ማለት ጥይቱ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው። ቃታ ተስቦ ጥይቱ እስኪወጣ እጅ ይንቀሳቀሳል። ጊዜው የሰከንድ ሺህኛ ነው፣ አዎ። ግን የአየር ሽጉጥ ላይ የእርሳሷ ፍሬ የምትወጣው በሰከንድ 150 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው፤ ዘገምተኛ ናት። እዚያ ላይ ሠሪዎቹ አፈሙዙን ማሳጠር እንደ ጥቅም ነው የሚያዩት።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ፊቱ የከበደ ሽጉጥ ቶሎ አይወዛወዝም፤ ረጅም ዱላ ይዞ ገመድ ላይ የሚሄደውን ሰው አስቡ። ግን ክንድ ዘርግቶ፣ በአንድ እጅ፣ 60 ጊዜ አንስቶ ማውረድ አለ። ይሄን ለማወቅ አንድ ሊትር ውሃ በተዘረጋ እጅ አንድ ደቂቃ ያዙ። ከዚያ ጻፉልኝ፣ መጻፍ ከቻላችሁ።

አሁን ርዝመት በነፃነት ስለተለቀቀበት ውድድር ልንገራችሁ፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። 50 ሜትር ነፃ ሽጉጥ ይባላል። ነፃ የተባለው ሕጉ ስለለቀቀው ነው፦ አፈሙዙ የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ የእይታ መስመሩም እንደዚያው፣ እጀታው እንደ ጓንት እጅን ይዋጥ፣ ቃታው በትንፋሽ ይሳብ። የተከለከለው ማጉያ መነጽር ነው፤ ስንጥቅና ጉጥ ብቻ። ኢላማው ግን ያው ባለ 5 ሳንቲ ሜትር አሥር ነጥብ ነው፣ ርቀቱ እጥፍ ሆኖ። ሂሳቡን ሥሩት፦ በ22 ሳንቲ ሜትር የእይታ መስመር አሥር ለማግኘት ጉጡ መዛነፍ የሚችለው 0.11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ፀጉር። 37 ሳንቲ ሜትር ካደረጋችሁት ወደ 0.19 ይሄዳል። ሁለት ፀጉር። ያንን ሁሉ ብረትና እንጨት የጨመሩት ለአንድ ፀጉር ትርፍ ነው። በቱላ ከተማ የሚሠራው ቶዝ-35 የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ አፈሙዙ 30 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው፣ ለአሥርት ዓመታት የዚህ ውድድር ንጉሥ ሆኖ ኖረ።

በ1980 ሞስኮ ላይ አሌክሳንደር ሜለንቲየቭ በዚህ ውድድር ከ600 ነጥብ 581 አመጣ። ክብረ ወሰኑ 34 ዓመት ቆመ። ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፣ ክብረ ወሰኑ አልፈረሰም። የሰበረው ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ-ኦ ነው፣ በ2014፣ በ583። ሁለት ነጥብ ብቻ! ጂን በ2008፣ በ2012 እና በ2016 በተከታታይ የዚህን ውድድር የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። ሪዮ ላይ የወሰደው የመጨረሻው ሆነ፤ የእሱ ብቻ ሳይሆን የውድድሩም። በ2017 ለቶኪዮ የወንዶችና የሴቶች ቁጥር እኩል እንዲሆን ሲወሰን የ50 ሜትር ሽጉጥ ከኦሊምፒክ ወጣ። በቦታው ወንድና ሴት አብረው የሚወዳደሩበት የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር ገባ። ሴቶች መግባታቸው ተገቢ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ነፃው ሽጉጥ መሄዱ ግን ቆጨኝ፤ አንድም ጊዜ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ነገር።

ዩሱፍ ዲኬች ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር ሆኖ ብር ያገኘው ታዲያ በዚሁ በተተኪው ውድድር ነው። 51 ዓመቱ ነበር፤ ከቱርክ ጃንደርማ ጡረታ የወጣ ሰው። ወርቁን ሰርቦች ወሰዱት፣ ፎቶውን ግን እሱ። «ምንም መሣሪያ ሳይጠቀም» የተባለው ትንሽ የተጋነነ ነው፤ ሌሎቹ ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ነገር ብርሃን የሚቆጣጠርና አንዱን ዓይን የሚጋርድ እንጂ የሚያጎላ አይደለም። እሱ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ ነው የሚተኩሰው። እጅ ኪስ መክተቱም ኩራት አይደለም፤ ትከሻ እንዳይወዛወዝ ሁሉም ማለት ይቻላል ያደርገዋል።

ስለዚህ ያ ልጅ መስከረም ላይ ለጠየቀኝ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ይኸውና። የአየር ሽጉጥ ሳጥን 42 በ20 በ5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከ25 ሜትሩ ይረዝማል፤ አሥር ነጥቡ ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አይበልጥ። ስለዚህ ጉጡን በተቻለ መጠን ወደ ፊት ይገፉታል። ፎቶው ላይ ያየኸው ርዝመት በሙሉ ደግሞ አፈሙዝ አይደለም። በብዙዎቹ ላይ ጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክፍል አየሩን ወደ ጎን የሚያስወጣ ቆብ ነው፤ እውነተኛው አፈሙዝ ከዚያ በፊት ያልቃል። ቆቡ ጉጡን ተሸክሞ ይቀመጣል። ያስረዘሙት የእይታ መስመሩን ነው።

ለታላቅ ወንድምህ «ልክ ነህ» ብዬ ጽፌለታለሁ። «ችግር የለውም ቲቸር» ብሎ የሚስቅ ፊት ላከልኝ። ማክሰኞ ማስመሪያውን፣ ክብሪቶቹንና ሲባጎውን ይዤ እገባለሁ፤ በረንዳው ላይ ነን፣ ሒሳብ መምህሩም ይመጣል። ካለፉት ዓመታት ተማሪዎቼ ደግሞ የአድዋን ምዕራፍ ደብተር እስካሁን ያስቀመጠ ካለ፣ «ረጅም አፈሙዝ ጥይት ያቀናል» የምትለዋን መስመር ይሰርዝልኝ።